ሚኒሞ አልይዝ ያለ የሞተር መጋዝ፦ አየር የሚስበው ከየት ነው?

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስቲል ኤምኤስ 381 መጋዝ አለኝ። በየግቢው የደረቀ ዛፍና ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ እቆርጣለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። እሱ ቆመ ማለት እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ገመዱን አንድ ሁለቴ ስስበው ይነሳል። ሲሞቅ ግን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጠው በዝቅተኛ ዙር መሥራት) አልይዝ ይላል። ነዳጅ ሰጥቼ ስለቀው ዙሩ ቶሎ አይወርድም፤ እየጮኸ ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንዳንዴ ሳልነካው ሰንሰለቱ ይዞራል። ወደ ጎን ሳጋድመው ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። ሚኒሞውን ዝቅ ካደረግኩለት ይጠፋል።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው "ካርቡራተሩ ነው" ተብሎ አዲስ ተገጠመለት። ትንሽ ሰንብቶ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ ሌላ ሠሪ ፒስተንና ሲሊንደር ካልተቀየረ አይሆንም እያለኝ ነው። ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ። አየር ይስባል የሚባለው ነገር ይሆን? ከሆነስ ከየት እንደሚስብ በምን ይታወቃል?

የሰፈር ሠራተኛ

ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ኤች የምትባል የነዳጅ ማስተካከያ ትንሽ ክፈትለት፤ ነዳጅ ይጨምርለታል። የኔም እንደዛ ሆኖ ነበር፣ በሷ ተስተካክሏል።

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

ቆይ ልጄ። ፒስተን አትግዛ። ማስተካከያውንም ለጊዜው አትንካ።

የዘረዘርከው ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ያላለፈ አየር እያገኘ ነው። ሲሞቅ መባሱ፣ ዙሩ አልወርድ ማለቱ፣ ሲጋደም መለወጡ የዚህ ምልክት ናቸው። እርግጠኛ የሚያደርግህ ግን ፍተሻ ብቻ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

እንደ መጋዝህ ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከመኪና ሞተር ይለያል። በመኪናው ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ያለበት ቤት ዘይት የሚጠራቀምበት ነው። በመጋዝ ግን አየሩም፣ ነዳጁም፣ ዘይቱም መጀመሪያ የሚገቡት እዚያው ኮሎው ቤት ውስጥ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከሥሩ ይስባል። ሲወርድ የሳበውን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። የአንጥረኛ ወናፍ በለው። ወናፍ የትም ቦታ ትንሽ ከተቀደደ ሥራው ይበላሻል።

ከጎን የሚገባው አየር ነዳጅ የለውም። ስለዚህ ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይት አነሰ ማለት ነው። ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ ማፈኛው) በኩል መቧጨር ይጀምራል፤ ካልቆመ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ቀዳዳውን ሳታገኝ አዲስ ፒስተን ብታስገባ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስንት ሰው በአንድ መጋዝ ላይ ደጋግሞ ፒስተን ሲገዛ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

የሰፈር ሠራተኛ ወንድሜ፣ ያልከው ዘዴ ለጊዜው ድምፁን ያሳምረዋል። ችግሩ ቀዳዳው አንድ ዓይነት ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለዋወጣል። በሚኒሞ ጊዜ ካርቡራተሩ ዝግ ስለሆነ ከጎን የሚገባው አየር ድርሻው ትልቅ ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ድርሻው ይቀንሳል። አንድ ማስተካከያ ይህን ሁሉ ተከትሎ ሊያስተካክል አይችልም። በዚያ ላይ ኤች የምትሠራው በከፍተኛ ዙር ነው፤ የሚኒሞው ጉዳይ የሌሎቹ ማስተካከያዎች ነው፦ የኤል (የዝቅተኛ ዙር ነዳጅ) እና የኤልኤ (የሚኒሞው ዙር)።

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ከየት ልጀምር? መሣሪያ ያለኝ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የካንዴላ ቁልፍ ነው።

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድም።

መጀመሪያ የነዳጁን መንገድ አጣራ። የነዳጅ ችግር የአየር ችግር መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል። መጋዙ ከሠራ በኋላ መድከም ሲጀምር የታንኩን ክዳን ፈታ አድርገው። ትንፋሽ ስቦ ከተስተካከለ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። የነዳጅ ቱቦውን አውጥተህ በጣትህ እጠፈው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል። ማጣሪያውንም እይ። ድብልቅህን በራስህ ሥራ፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት፣ ማለትም 1 ለ 50። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ቀጥሎ ማርሚታውን ፍታ። ፒስተኑን በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን እየው። ገመዱን ቀስ ብለህ እየሳብክ ከላይ እስከ ታች ተመልከተው። የፋብሪካው ስስ መስመሮች ከታዩህ ደስ ይበልህ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ሻካራ ቧጨራ ካለ፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) በቦታው ተጣብቆ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ፒስተን እንነጋገራለን። ያየኸውን ጻፍልን።

አየር የሚስብባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው የመግቢያ ላስቲክ አንዱ ነው፤ በፀሐይና በንዝረት ይሰነጠቃል። ከኮሎው ቤት ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ትንሿ የግፊት ቱቦ ሌላዋ ናት፤ እሷ ናት የካርቡራተሩን ነዳጅ መሳቢያ ላስቲክ የምታንቀሳቅሰው። የሲሊንደሩ የታችኛው ጓርኒሲዮን፣ ሁለቱ የኮሎው ቤት ግማሾች የሚገጠሙበት፣ የካንዴላው መቀመጫ፣ ዲኮምፕሬሽን ቫልቭ (ሲነሳ ግፊት የሚያቀልለው) ካለው እሱም አሉ። ከሁሉም በላይ የምጠረጥራቸው ግን ኮሎው በሁለት በኩል የሚወጣባቸውን ኦይል ሲሎች (አየር እንዳያልፍ ዘንጉን የሚከብቡ የላስቲክ ቀለበቶች) ነው። አንዱ በቮላኖው (በማስነሻ ገመዱ በኩል ያለው ከባዱ ክብ ብረት) በኩል፣ አንዱ በፍሪሲዮኑ (ጉልበቱን ለሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው) በኩል።

አዲስ ገቢ

ዩቲዩብ ላይ ሞተሩ እየሠራ የካርቡራተር ማጽጃ ሲረጩበት አያለሁ። ዙሩ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው ይላሉ። ይህ አይቀልም?

የአምስት ኪሎዋ

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚረጨው ነገር በቀዳዳው ሲገባ ድብልቁ ስለሚለወጥ ዙሩ ይለወጣል። እኔ ግን መጋዝ ላይ አልመክርም። መጋዝ ትንሽ ነው። የመግቢያው ላስቲክ ከጋለው ማርሚታ ብዙም አይርቅም፤ የሚረጨው ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። አንዳንድ የብሬክ ማጽጃ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አለው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው። በዚያ ላይ ኦይል ሲሎቹ ከቮላኖና ከፍሪሲዮን ጀርባ ስለተደበቁ የሚረጨው አይደርስባቸውም። እሳት ውስጥ ገብተህ ዋናውን ተጠርጣሪ ሳታገኘው ትቀራለህ።

ባለ 372

እኔ ሁስክቫርና 372 ነው ያለኝ። ወሬው ያው ነው፤ ሁሉም ባለ ሁለት ምት እንደዚህ ነው። ለሲሎች ዓይንህን ክፈት።

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

ማርሚታውን ፈታሁ። ፒስተኑ ላይ ስስ መስመሮቹ ይታያሉ። በጭስ መውጫው በኩል ቀለም የለወጠ ቦታ አለ፤ ጥፍሬን ሳስሄድበት ግን አይይዝም። ፋሻውን በቀጭን እንጨት ስነካው ወደ ውስጥ ይገባል ይመለሳል። የታንኩ ክዳንም ለውጥ አላመጣም። ካንዴላው ነጣ ያለ ግራጫ ነው።

ፒስተን ቀይር ያለኝ ሰው ይህን ቀዳዳ እንኳ ከፍቶ አላየም።

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

እሰይ! በጊዜ ነው የደረስክበት። ካንዴላው መንጣቱ ነዳጅ እንዳነሰው ይናገራል። አሁን የግፊትና የስበት ፍተሻ (አየር ነፍቶና አየር ስቦ ማየት) ይደረግለት። እኔ ያለ እነዚህ ሁለቱ ፍተሻ አንድም ዕቃ አላስገዛም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሚታውን ከፈታህ በኋላ በማርሚታውና በሲሊንደሩ መካከል የላስቲክ ቁራጭ አድርገህ መልሰህ አጥብቀው። የመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ ይበቃል፤ ጎሚስታ ጋ ስትጠይቅ የተጣለ አይጠፋም። በዚህ የጭስ መውጫው ተደፈነ። ካርቡራተሩን አውጣ። በቦታው ላስቲክ የተለጠፈበት ላሜራ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አስቀምጥ፤ መሐሉን በስተህ ትንሽ ቱቦ አስገባበት። በካርቡራተሩ ብሎኖች አጥብቀው። የመግቢያውን ላስቲክ ከሲሊንደሩ አትንቀለው፤ እሱም መፈተሽ ያለበት ነው። የግፊት ቱቦዋን ጫፍ ድፈናት። ካንዴላው በደንብ ይጥበቅ። ፒስተኑን ላይ አድርሰው፤ ያኔ የመግቢያው ቀዳዳ ወደ ኮሎው ቤት ይከፈታል።

ከዚያ አየር ንፋበት። የስቲል የጥገና መመሪያ 0.5 ባር ይላል። 20 ሴኮንድ ጠብቅ። መርፌው ሳይወርድ ከቆየ ደህና ነው። ከወረደ ሳሙና በውኃ በጥብጠህ በየመገጣጠሚያው ቀባ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ነው። ግፊቱ እያለ ኮሎውን ቀስ ብለህ አዙረው፤ የላይኛው ክፍልም እንዲፈተሽ። መጀመሪያ ግን የራስህን መሣሪያ ፈትሽ። የቱቦውን ጫፍ በጣትህ ደፍነህ ንፋው፤ መርፌው ከወረደ ቀዳዳው የመሣሪያህ ነው።

ከመጠን በላይ አትንፋ። በኮምፕረሰር ቀጥታ የነፋ ሰው ጤነኛውን ኦይል ሲል ከቦታው ሲያስወጣው ታያለህ።

የአምስት ኪሎዋ

መንፊያ ለሌለው ሰው አንድ ዘዴ ልጨምር። በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያሳያል። ይህ 0.4 ባር ነው። ጨርቁን ፈትቶ ቱቦውን ከላሜራው ቱቦ ጋር ማገናኘት ነው። 0.5 ባር ባይደርስም ቀዳዳ ለማግኘት ከበቂ በላይ ነው። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ከዚያ በኋላ ግን ለሕክምና እንዳይመለስ፤ ቤንዚን ነክቶታል።

ለስበቱ ይህ መሣሪያ አይሆንም፤ መርፌው ወደ ታች አያነብም። በእጅ የሚሠራ የብሬክ ማስተንፈሻ የስበት ፓምፕ ያስፈልጋል። የመኪና ጋራዦች ዘንድ አለ፤ ተውሶ መጠቀም ይቻላል።

ባለ ዕቃ (መርካቶ)

ስለ ኦይል ሲል አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ መጥቶ "የስቲል ሲል ስጠኝ" ይላል። ሞዴሉን አያውቅም፣ አሮጌውን አላመጣም። እንዲህ አይገዛም። አሮጌው ሲል ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ካልተነበበ ራሱን ይዛችሁ ኑ። የሞዴሉ ኦሪጅናል ከተገኘ እሱን ግዙ። ካልተገኘ ተክለሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ያሉ የኩሽኔታ ሱቆች በቁጥሩ ያወጡላችኋል። ለመኪና ጎማ ወይም ለፓምፕ የሚሆን ሲል በመጠኑ ስለገጠመ ብቻ አትውሰዱ። መጋዝ ከ10,000 ዙር በላይ በደቂቃ የሚሮጥ፣ ቤንዚንና ሙቀት የሚያገኘው ሞተር ነው። ላስቲኩ ነዳጅና ሙቀት የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

የደም ግፊት መለኪያው ሠርቷል፤ እህቴ ተባረኪ። እስከ 300 ነፋሁት፣ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ሳሙናውን ስቀባ በመግቢያው ላስቲክ በታችኛው በኩል አረፋ ወጣ። ነቅዬ ሳጥፈው እንደ ምላጭ የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አይታይም። አዲስ ላስቲክ አስገባሁ። እንደገና ስነፋ መርፌው ቀጥ አለ። ተገላገልኩ ልበል?

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

ገና ነው ልጄ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀዳዳ አገኘህ ማለት ሌላ የለም ማለት አይደለም። ላስቲኩ ተሰንጥቆ የሠራበት ጊዜ ሁሉ ሞተሩ ሲግል ነበር፤ ሙቀት ደግሞ ሲል ያደርቃል።

የነፋኸው ግፊት ደህና ስላሳየህ ሲሎቹ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። የሲሉ ከንፈር ወደ ውስጥ ነው የሚመለከተው። ከውስጥ ስትነፋ ግፊቱ ራሱ ከንፈሩን ኮሎው ላይ ይጫነዋል። ያረጀ ሲል እንኳ ይይዝልሃል። ስትስብ ግን ከንፈሩ ይላቀቃል፣ አየር በሥሩ ይገባል። ሞተሩ በሥራ ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ በየዙሩ ይስባል። ስለዚህ የስበት ፍተሻው ሳይደረግ አልቋል አይባልም።

ፓምፑን ፈልገህ 0.5 ባር ሳብ። 20 ሴኮንድ ጠብቅ። ስበቱ ተዳክሞ 0.3 ካላለፈ ጥሩ ነው። ካልያዘ ቮላኖውንና ፍሪሲዮኑን ፈትተህ በእያንዳንዱ ሲል ላይ ወፈር ያለ ዘይት ቀባ። ስትስብ ዘይቱን የጠጣው ሲል እሱ ነው። ከተቀባ በኋላ ስበቱ ከያዘም ማረጋገጫ ሆነልህ።

ባለ 372

ጋሽ ቮላኖ፣ ይህ የሲል ከንፈር ነገር በጣም ነው የጠቀመኝ። የኔ መጋዝ ሲነፋ ደህና ሆኖ ችግሩ አልሄድ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እዚህ አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው። 0.5 የሚለው ቁጥር እዚህም ይሠራል?

የአምስት ኪሎዋ

ይሠራል። የምንለካው የውጭና የውስጥ አየር ልዩነትን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱም ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ያም ሆኖ ከ0.7 ባር በላይ ስለሆነ 0.5 ለመሳብ በቂ ነው።

ከፍታው የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ ለግንድ ቆራጭ ጉዳይም ቁልፍ ይመስለኛል። አየሩ ስስ በሆነ ቁጥር ካርቡራተሩ ላስገባው አየር የሚሰጠው ነዳጅ ይበዛል። ዝቅ ላለ አገር ተስተካክሎ የመጣ መጋዝ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እንግዲህ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው መጋዝ እዚህ ሲሠራ ያ የበዛው ነዳጅ ቀዳዳውን ይሸፍንለታል። ባለቤቱ ደህና ነው ብሎ ይሠራበታል። ወደ ቆላ ይዞት ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ መሸፈኛው ይጠፋል፣ ሞተሩ ይግላል። "አዲስ አበባ ደህና ነበር፣ እዚያ ሄዶ ነከሰ" የሚባለው ከዚህም ይመጣል። ቀዳዳው ግን ከዚህ ነው ይዞት የሄደው።

በራሱ የሚያስተካክል እንደ ኤም-ትሮኒክ ያለ ሥርዓት ያላቸው አዳዲስ መጋዞች ከፍታውን ያካክሳሉ። 381 ግን በእጅ የሚስተካከል ነው።

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

ይህን በማንበቤ ሥራዬን አዳንኩ። አዋሽ በኩል ትልቅ የቆረጣ ሥራ ተነጋግሬ ነበር። መጋዙን እንዲሁ ይዤው ልወርድ ነበር።

ፓምፑን ከአንድ የመኪና ጋራዥ ተውሼ ሳብኩ። አልያዘም፤ መርፌው እያየሁት ተመለሰ። በቮላኖው በኩል ያለው ሲል ላይ ዘይት ቀባሁ፣ ለውጥ የለም። በፍሪሲዮኑ በኩል ስቀባ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገባ፣ መርፌውም ቆመ። እንግዲህ እሱ ነው። ሁለቱንም እቀይራለሁ። ሲሉን ለማውጣትና ለማስገባት ምን ልጠንቀቅ?

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

ጎበዝ! ይህን ነው የምወደው።

ፍሪሲዮኑን ስትፈታ ጥርሱ ግራ ነው፤ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። በግድ ወደ ሌላው በኩል የታገለ ሰው ሲሰብረው ታያለህ። የቮላኖው ዳዶ ግን እንደ ተለመደው ነው። ኮሎው እንዳይዞር ካንዴላውን አውጥተህ ንጹሕ ገመድ በቀዳዳው አስገባ፤ ፒስተኑ ገመዱን ተጭኖ ይቆማል። የገመዱ ጫፍ ውጭ ይቅር። በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብተህ አታቁመው፤ ፒስተኑን ትወጋዋለህ።

አሮጌውን ሲል ስታወጣ ኮሎውን አትቧጭረው። ኮሎው ላይ ጭረት ካረፈ አዲስ ሲልም አይይዝልህም። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። የአዲሱን ከንፈር የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀባው። የኮሎውን ጥርስ በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው፤ ሲሉ ሲያልፍ ከንፈሩ እንዳይቀደድ። ስፋቱ ልክ የሆነ ቱቦ ፈልገህ ዙሪያውን እኩል እየመታህ አስገባው። ተዛብቶ ከገባ አውጥተህ ሌላ አስገባ እንጂ አትቀበለው።

ከሁሉ በፊት ግን ኮሎውን በእጅህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዘው። ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ያለቀበት ኮሎ እየተወዛወዘ አዲሱን ሲል ይበላዋል። ያኔ ሥራው ይከፋል፤ ኮሎው ቤት መከፈት አለበት።

ስትጨርስ ሁለቱንም ፍተሻ ድገም።

ግንድ ቆራጭ (ካዛንቺስ)

ኮሎው አልተላወሰም፣ ተመስገን። ሁለቱም ሲሎች ተቀየሩ። ባለ ዕቃ እንዳለው አሮጌዎቹን ይዤ ነው የሄድኩት። ግፊቱም ስበቱም ያዘ። አስነሳሁት፤ ነዳጅ ሰጥቼ ስለቀው ወዲያው ይወርዳል፣ ሳጋድመውም ድምፁ አይለወጥም። ያ ሁሉ ፒስተን ግዛ የተባልኩት ቀረ። አሁን ማስተካከያውን እንዴት ላድርግ? ለአዋሽስ?

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

አየር ማጣሪያውን አጽዳና ሞተሩን በደንብ አሙቀው። ኤልን ነዳጅ ስትሰጠው ሳያንቀው ቶሎ የሚነሳበት ቦታ ላይ አቁማት። ከዚያ ኤልኤን፤ ሰንሰለቱ እንዲቆም፣ ሞተሩም እንዳይጠፋ። ሚኒሞው 2,800 ዙር አካባቢ ነው። ኤችን በመጨረሻ። ባዶውን ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ድምፁ ትንሽ ይንተባተብ፤ እንጨት ሲነክስ ይጥራ። ባዶውን እያፏጨ ጥርት ብሎ ከጮኸ ነዳጅ አንሶታል፣ ክፈትለት። የዙር መለኪያ ካገኘህ ከጆሮ ይሻላል።

የአምስት ኪሎዋ

አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚህ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። እዚህ ያስተካከልከውን እንዳለ ይዘህ ብትቆርጥ ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል። እዚያ እንደደረስክ ሙሉ ነዳጅ ከመስጠትህ በፊት ኤችን በትንሹ ወደ ግራ ክፈት። መጀመሪያ ነዳጅ ይብዛበት፤ ከዚያ ጋሽ ቮላኖ እንዳሉት በድምፁ እያዳመጥክ ቀንስ። ስትመለስ ደግሞ ያጨስብሃል፣ ያኔ መልሰህ ትዘጋለህ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ለሚሠራም ይህ ይመለከተዋል።

አዲስ ገቢ

ሁሉንም ተከታትያለሁ። እኔ ያለኝ የሣር ማጨጃ ሞተር ነው፤ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው። ይህ ፍተሻ ለሱም ይሆናል?

ጋሽ ቮላኖ (ተክለሃይማኖት)

ቤንዚኑን ከዘይት ቀላቅለህ የምትሞላው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው። የሚፈቀደውን ግፊት ግን ከራሱ መመሪያ እይ። ዘይቱን ለብቻው የምትሞላው ከሆነ ባለ አራት ምት ነው፤ ለሱ ይህ ፍተሻ አይሆንም። ሞዴሉን ጻፍና ሌላ ክር እንክፈትለት።